የጀልባ ብየዳን በኤክስሬይ ማስፈተሽ ያዋጣል?

ያዋጣል። በተለይ ሰው የሚጭን ጀልባ ከሆነ። የእኔ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ያመላልሳል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ከሚሳፈሩት እናቶች ብዙዎቹ ዋና አይችሉም። የቀፎውን ታች በአዲስ ላሜራ ስናስቀይር ጭንቀቴ እሱ ነበር። ብየዳ ላዩ አምሮ ውስጡ ክፍት ሊሆን ይችላል። በያጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ውስጡን እሱም አያየውም።

የፍተሻ ቡድን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። መሣሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የጋለ ሽቦ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ እስከ 200 ሺህ ቮልት የሚደርስ ኃይል ያስፈነጥረዋል፤ ተንግስተን የሚባል ብረት ላይ ሲላተም ኤክስሬይ ይወጣል። ኃይሉ ሲቋረጥ ጨረሩም አብሮ ይቆማል። ኢሪዲየም 192 በሚባል፣ ራሱ ጨረር በሚያወጣ ንጥረ ነገር የሚፈትሹም አሉ። የእሱ ጉልበት በ74 ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል እንጂ ማጥፊያ የለውም። ልጆች በሚሯሯጡበት ሐይቅ ዳር ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ጥንቃቄያቸውን ወድጄዋለሁ። ቦታውን በገመድ ከለሉ፣ ጨረር መለኪያ ይዘው ዙሪያውን ዞሩ። ባለቤቱ ነኝ ብዬ ልጠጋ ስል እኔንም መለሱኝ። ትክክል ናቸው።

ጨረሩ ብረቱን አልፎ ከኋላው ያለ ፊልም ላይ ያርፋል፤ ፊልሙ ላይ ብረቱ የሳሳበት ወይም ባዶ የሆነበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይታያል። ከኋላ፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ በሚወጣበት አካባቢ፣ ውስጥ የቀረ ስላግ (የብየዳ ዝቃጭ) ተገኘ። በያጁ ራሱ ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዞ አየው። ምንም አልተከራከረም። በግራይንደር ፍቆ እንደገና በየደው፤ ሲደገም ንጹሕ ወጣ። ለእኔ የከፈልኩት ሁሉ እዚያች ላይ ተመለሰ።

ያልወደድኩት ጀነሬተር ከእኔ እንደሚጠበቅ የነገሩኝ ከደረሱ በኋላ መሆኑን ነው። ሥራውም ይንቀረፈፋል። ከሚገባው ኃይል ወደ ኤክስሬይ የሚለወጠው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ስለሚሆን ኤክስሬዩ የሚፈልቅበት ቱቦ በየመሃሉ ማረፍ አለበት። በባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ዕረፍቱ ይረዝማል። ከባዱ ወጪ የመጓጓዣው ስለሆነ ከሌሎች ባለ ጀልባዎች ጋር ተጣምራችሁ አስመጧቸው።

«ትልቁን ማሽን እናምጣ» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ቤታትሮንና ሊናክ የሚባሉት ኤሌክትሮኑን እስከ ብዙ ሚሊዮን ቮልት ያደርሱታል፤ ወደ 300 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ብረት ያሳልፋሉ። ወደብ ላይ የኮንቴይነር ሆድ የሚታየው በእነሱ ነው። እንደ ጣና በለስ ላለ የኃይል ማመንጫ ወፍራም ብረት ይሆናሉ። ለ8 ሚሊ ላሜራ ግን ምስሉ ይደበዝዛል፤ ብሩም ይባክናል።

ኤክስሬይ የአየር ቀዳዳና ስላግ ላይ ጎበዝ ነው። ቀጭን ስንጥቅ ግን እንደ አቅጣጫው ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ዋና ዋና መገጣጠሚያዎችን በአልትራሳውንድም አስደግሙ። ፍተሻው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይሁን። የጨረር ሥራ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ፊልሙንም ተረከቡ።