እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! (ኮዬ ፈጬ አካባቢ ሴራሚክ ሰሪ ለምትፈልጉ)

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን ያላችሁ፣ ሴራሚክ ልታስነጥፉ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች፣ ግን ገንዘብ ታድናለች።

ቤቴ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። የመታጠቢያ ቤቱ ወርድ 1 ሜትር ከ45፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10። በቃ። አምና አንድ ሠራተኛ (ስሙ ይቅር) ወለሉን በሁለት ቀን አንጥፎልኝ ሄደ፣ እኔም በፍጥነቱ ተደንቄ መርቄ ሸኘሁት። ሦስት ወር ሳይሞላ ሴራሚኩ ሲረገጥ ቋ ቋ ማለት ጀመረ፣ ከዚያ ጥጉ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ታች ያሉት ጎረቤቴ እትዬ "ልጄ፣ ጣሪያዬ እኮ ያልበዋል" ብለው መጡ። አፈርኩ።

እንግዲህ መፍረሱ ካልቀረ የምወደውን ላድርግበት አልኩ። ልጅ ሆኜ አክስቴ ፒያሳ ትኖርበት የነበረው አሮጌ ቤት ኮሪደሩ ጥቁርና ነጭ ነበር፣ ልክ የዳማ ገበታ። ጥቁሩን ብቻ እየረገጥን እንሮጥበታለን፣ ነጩን የነካ ይወጣል። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ያ ቤትም አብሮ ሄደ። እኔ የፈለግኩት ያንን ወለል ነው። በሦስት ካሬ!

ጋሼን የጠቆመችኝ አንዲት የብሎካችን ልጅ ናት። የመጀመሪያ ቀን ሲመጡ መሣሪያ እንኳ አልያዙም፣ ሜትርና አንድ ብር ሳንቲም ብቻ። ተንበርክከው በሳንቲሙ እያንዳንዱን ሴራሚክ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። "ይሄ ባዶ። ይሄ ባዶ። ይሄ ደህና። ይሄ ባዶ።" አንዱን ፈንቅለው አሳዩኝ። ከስሩ አምስት ቦታ ላይ ጠብ ጠብ የተደረገ ሲሚንቶ አለ፣ ሌላው አየር ነው። ጥጉ ስር ምንም ስለሌለ ሲረገጥ ይሰነጠቃል። "ይሄ እስከዛሬ የቆመው በጸሎት ነው" አሉኝ።

ከዚያ ሴራሚክ ልንገዛ ተክለሃይማኖት አብረውኝ ወረዱ። ልብ በሉ፣ ግማሽ ቀናቸውን ሰጥተው፣ ለታክሲ እንኳ ሳይቀበሉኝ። ከሱቅ ኮሚሽን ይኖራቸዋል ብዬ ጠርጥሬ ነበር (ይቅር ይበሉኝ)፣ ግን ውድ ውዱን ሳነሳ መልሺው መልሺው የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ።

ባለሱቁ ያወጣልን 60 በ60 ነበር። ጋሼ ሳቁ። "እዚያች ቤት ስምንት ዘጠኝ ብታነጥፊ ሞላ፣ ዳማው የታለ?" ለትንሽ ክፍል ትንሽ ሴራሚክ ነው የሚያምረው አሉ፣ 20 በ20 አስመረጡኝ። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ያየሁትን ማር እንጀራ የሚመስለውን ባለ ስድስት ማዕዘን ትንንሹን አሳየኋቸው። አልተቃወሙም፣ ግን "መሃል ለመሃሉን ማን ሊያጥበው ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እጄን አየሁት። ተውኩት።

ከዚያ ሴራሚኩን ገልብጠው ጀርባው ላይ ከሃይላንዳቸው ጠብታ ውሃ አደረጉበት። አንደኛው ወዲያው ጠጣው። ሌላኛው ላይ ውሃው ቁጭ አለ። ቁጭ ያለበት ፖርሰሊን ነው፣ ለወለል እሱን። ጥቁሩ ደግሞ የሚያብረቀርቅ እንዳይሆን አሉ፣ አንደኛ ያንሸራትታል፣ ሁለተኛ ውሃ ሲደርቅበት ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። የሰፈራችንን ውሃ ታውቁት የለ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ኖራ የተቀባ ነው የሚመስለው። ደብዛዛውን ወሰድን።

ነጩ ላይ ጉድ ልሆን ነበር። ሁለት ካርቶን ገዝቼ ባጃጅ ላይ ላስጭን ስል ጋሼ "ቆይ" ብለው ከሁለቱም አንድ አንድ አውጥተው ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። አንዱ ወተት፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ለየቅል ነው፣ በተለያየ ጊዜ የተመረተ ማለት ነው። ባለሱቁ "ነጭ ነጭ ነው እንጂ ምን ሊሆን" አለ። ግን ቀየረልን። ይቺን ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ይበቃችኋል፦ ከሱቅ ሳትወጡ የካርቶኑን ቁጥር አመሳስሉ፣ ከልካችሁ ላይ ደግሞ ወደ አስር በመቶ ጨምራችሁ ግዙ። ቢሰበር በኋላ ያንኑ ቀለም አታገኙትም። የኔ ትርፎቹ አልጋ ስር ናቸው።

ለግድግዳው ነጭ፣ ጡብ የሚመስለውን 7.5 በ15 ወሰድኩ። ፈረንጆቹ የምድር ውስጥ ባቡር ሴራሚክ ይሉታል፣ የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር በ1904 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጣቢያዎቹን በሱ ስላለበሷቸው። ይህንን ለጋሼ ሳወራላቸው "እኛም ባቡር አለን፣ ቃሊቲ ድረስ" አሉኝ።

ሥራው ላይ። ሲሚንቶ ሳይነኩ ሴራሚኩን ደረቁን ዘረጉት። ከጥግ ቢጀምሩ ሰባት ሙሉ ይገባና መጨረሻ ላይ 3 ሳንቲ ተኩል የምታህል ቅጣይ ትቀራለች። ያቺ ናት ቤቱን የምታስቀይመው። ስለዚህ መስመሩን ከክፍሉ መሃል አስነሱ፣ ስድስት ሙሉ መሃል ላይ፣ ግራና ቀኝ እኩል እኩል 11 ሳንቲ ከምናምን። እኔ በሰያፍ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። እሺ ብለው እሱንም ዘርግተው አሳዩኝ፣ ግን ዳር ዳሩ ሁሉ በቁራጭ ሦስት ማዕዘን ሲሞላ አይቼ ራሴ ይቅር አልኩ።

አሮጌው ከተፈነቀለ በኋላ ወለሉ እንደገና ሊሾ ተደርጎ፣ ወደ ማፍሰሻው ተዳፋት ወጥቶለት፣ ውሃ የማያሳልፈው ቅብ ሁለት ዙር ተቀባ። ከዚያ ማፍሰሻውን ደፍነው ወለሉን ውሃ ሞሉትና 24 ሰዓት ይቆይ አሉ። ፈረቃችን ስላልነበረ የሮቶውን ውሃ ነው የጨረስነው፣ እኔ በልቤ ይሄ ሁሉ ውሃ ለወለል እያልኩ እናደዳለሁ። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው እትዬ ቤት ገቡ፣ ወንበር ላይ ቆመው ጣሪያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነው። እትዬ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሴራሚክ የተነጠፈው ከዚያ በኋላ ነው።

በሴራሚኩ መሃል የሚሞላውን ነጭ እንዲሆን ለምኜ ነበር። "ክረምት ሲገባ ዋልካው በጫማ እዚህ ድረስ ይመጣል" አሉና ግራጫ አደረጉት። ሐምሌን አለፍነው። ልክ ነበሩ።

እንከን የላቸውም አልልም። ቀርፋፋ ናቸው፣ በአምስት ቀን ያልቃል ያሉኝ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፣ መሃል ላይ በ12 ሚካኤል ብለው ቀሩ። ሥራ ላይ ስልክ አያነሱም። የእጅ ዋጋቸውም ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን መጀመሪያ የተናገሩትን ነው የተቀበሉት፣ ሲሚንቶ ሲተርፍ ደግሞ "መልሺው ሱቁ ይቀበልሻል" አሉኝ።

ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ አታውጪብኝ ስላሉኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። አሁን ቱሉ ዲምቱ አንድ ቤት ይዘዋል፣ ከሱ በኋላ ነው የሚመጡላችሁ። ስትቀጥሯቸው ቶሎ ጨርሱልኝ እንዳትሉ፣ ይኮርፋሉ። ቡና ያለ ስኳር።