ጄኔቫ ወይስ ሮክፌለር፦ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የሕዝብ ጤና አገልግሎት የተገነባባቸው መንገዶች

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጤና አገልግሎቱን ማደራጀት የፈለገ መንግሥት ሁለት ደጅ መጥናት ይችል ነበር፤ ጄኔቫ ያለውን የመንግሥታቱ ማኅበር የጤና ድርጅትና የኒው ዮርኩን የግል በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ሮክፌለር ፋውንዴሽን።

ሮክፌለር ገንዘብ አለው። በተመረጠ ወረዳ ወጪውን ከመንግሥት ጋር ይጋራል፤ ድርሻውን ግን በየዓመቱ እየቀነሰ በመጨረሻ ሸክሙን ሁሉ ለመንግሥት ይተዋል። ካዝናው ለሳሳ አገር ይህ ወጥመድ ነው፤ ነርሷና ተቆጣጣሪው ደመወዝ ካጡ ወረዳው ወደነበረበት ይመለሳል።

ጄኔቫ የምትሰጠው ባለሙያ፣ መለኪያና መረጃ ነው። በ1925 ሲንጋፖር ላይ የተከፈተው ቢሮ ከእስያ ወደቦች የወረርሽኝ ወሬ በቴሌግራም እየሰበሰበ በየሳምንቱ ያሰራጭ ነበር። (የቢሮው መነሻ ገንዘብም ከሮክፌለር መምጣቱን ልብ ይሏል።)

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በወባ ላይ ነው። የሮክፌለር ሰዎች ጣሊያን ውስጥ የወባ ትንኝን እጭ (ከእንቁላል ወጥቶ ትንኝ እስኪሆን ውሃ ውስጥ የሚኖረውን ትል) አሳደዱ፦ ፓሪስ ግሪን የተባለውን አርሴኒክ (መርዝ) ያለበት ዱቄት 1 እጅ፣ ከ100 እጅ የመንገድ አቧራ ጋር ደባልቀው በውሃው ላይ ይነሰንሳሉ። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ፣ የአኖፌሊስ እጭ ከውሃው ገጽ ላይ ስለሚመገብ መርዙን ይበላዋል። አዲስ እጭ ግን እንደገና ይፈለፈላልና ርጭቱ በየጊዜው መደገም አለበት። የማኅበሩ የወባ ኮሚሽን በበኩሉ ኪኒን (quinine) የተባለውን የወባ መድኃኒት፣ ሕክምናንና የመኖሪያ ቤት መሻሻልን አስቀደመ። ለድሃ ገጠር የኮሚሽኑ ምክር ይሻል ነበር፤ ኪኒን ግን ውድ ነበር።

ዩጎዝላቪያዊው የሕዝብ ጤና ሐኪም አንድሪያ ሽታምፓር ሁለቱንም ያውቃቸዋል። በ1927 የተከፈተው የዛግሬብ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት በሮክፌለር ገንዘብ ተሠራ፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ጄኔቫ ወደ ቻይና ላከችው።