ባለ ዘለበት የሕፃን ማዘያ፦ ልጅ ብቻውን ለሚያሳድግ ሰው ያዋጣል?

ልጅ ብቻቸውን ለማሳደግ ወስነው የሚዘጋጁ ሰዎች ከሚገዙት ዕቃ ሁሉ በየዕለቱ የሚፈተነው ማዘያው ነው። ቤት ውስጥ «እስቲ አንዴ ያዝልኝ» የሚባል ሰው ስለሌለ፣ ያለ ረዳት ታስሮ ያለ ረዳት መፈታት አለበት። በዚህ ሚዛን ባለ ዘለበቱ ከሌሎቹ ይሻላል፤ ሁሉም ሞዴል ግን አይደለም።

ሲገዙ መጀመሪያ የሚታየው ጀርባው ነው። ብዙዎቹ ማንገቻቸው በሁለቱ ትከሻዎች ላይ ቀጥ ብሎ ይወርድና ከኋላ በአጭር አግዳሚ ጠፍር ይያያዛል። የጠፍሩ ዘለበት ጀርባ መሐል ላይ ስለሚውል እጅ አይደርስበትም። ሻጩ ስለሚቆልፍልዎት ሱቅ ውስጥ ችግሩ አይታወቅም፤ ስለዚህ ራስዎ ቆልፈው ይሞክሩት። መላም አለው፦ ማንገቻዎቹን ማላላት፣ ጠፍሩን እስከ ማጅራት ከፍ አድርጎ እዚያ መቆለፍ፣ ከዚያ ማንገቻዎቹን ስቦ ማጥበቅ። ማንገቻው ጀርባ ላይ የሚጠላለፍ ከሆነ ዘለበቶቹ ብብት ሥር ስለሚሆኑ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። የእኛ ምርጫ ይሄኛው ነው።

አስተሳሰሩ ከወገብ ይጀምራል። ቀበቶው ከዳሌ አጥንት ከፍ ብሎ ጠበቅ ይላል፤ ሕፃኑ ደረት ላይ ይሆናል፤ ማንገቻው አንድ በአንድ ሲገባ አንዱ እጅ ከሕፃኑ ጀርባ አይነሳም። ቀበቶው ዝቅ ካለ ወይም ከላላ ሕፃኑ ወደ ታች ይሰምጣል፣ የተሸካሚውም ወገብ ይታመማል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቀበቶው ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅና ሐኪሟን መጠየቅ ይኖርባታል።

ዋናው አደጋ አገጭ ደረት ላይ መለጠፉ ነው። የሕፃን የአየር ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ ሲታጠፍ ያለ ድምፅ ይዘጋል። ፊቱ ሁልጊዜ ይታይ፤ በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ፤ ጎንበስ ሲሉ ግንባሩን መሳም የሚያስችል ቅርበት ይኑር፤ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ይበል። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ከአራት ወር በታች የሆነ ሕፃን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ ሞዴሎች ከ3.2 ወይም ከ3.5 ኪሎ በታች ለሆነ አይፈቀዱም። እርስዎን እንቅልፍ ካዳፋዎት ማዘያውን ይፍቱት፤ ሌላ የሚያይለት ዓይን የለም። አዝለው ምድጃ አጠገብ አይቁሙ፣ ትኩስ ነገርም አይጠጡ።

ጀርባ ላይ ማዘል ሕፃኑ ራሱን ችሎ እስኪቀመጥ፣ ማለትም ስድስት ወር ገደማ ድረስ ይቆይ። ሲጀምሩም አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው ይለማመዱ።

ከሌሎቹ ማዘያዎች፣ ሰውነት ላይ የሚጠመጠመው ረጅም ጨርቅ ለአራስ ይለሰልሳል፤ ግን አምስት ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ውጭ ሲታሰር ጫፉ መሬት ይጠርጋል። በአንድ ትከሻ ላይ ውሎ ጨርቁ በቀለበት የሚጠብቀው ባለ ቀለበቱ ቶሎ ይታሰራል፤ ልጁ ሲከብድ ግን ያን ትከሻ ይጎዳል።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። እርስዎ ሲታመሙ ልጁን የሚይዘው እህት ወይም ጎረቤት አስቀድሞ ይለማመድ፤ የዚያ ሰው ልክም ማንገቻው ላይ በጨርቅ እስክሪብቶ ምልክት ይደረግበት። ያገለገለ ማዘያ ሲገዙ ስፌቱን ሳብ ሳብ አድርገው ይዩ፤ ዘለበቱ ከተሰነጠቀ ወይም ሲቆለፍ «ቀጭ» ካላለ ይተዉት። ማዘያውን ሲያጥቡ፣ በረኪና ጨርቁን ስለሚያደክም አይጠቀሙ። ማዘያው ለመድረቅ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ምራቅ የሚነካውን የማንገቻ ክፍል በሚወልቅ ጨርቅ ሸፍነው እሱን ብቻ ቢያጥቡ ይቀልልዎታል።