ሶኒ ኤ7 ስሪ ወይስ ኤ7 ፎር? ለአዲሱ የሚጨመረው ብር የሚያዋጣው ለማን ነው

ሰርግ በፎቶና በቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ እነዚህ ሁለት የሶኒ ካሜራዎች ላይ ያርፋል። ኤ7 ስሪ የያዘው "ሸጬው ፎር ልግዛ እንዴ?" ይላል። ገና የሚጀምረው ደግሞ ያገለገለ ስሪ በጥሩ ዋጋ ቀርቦለት "ወይስ ትንሽ ታግሼ አዲሱን?" እያለ ያመነታል። የእኔን መልስ ከወዲሁ ልናገር። ገቢያችሁ ከፎቶ ከሆነ ስሪ ይበቃችኋል፣ የተረፈውን ብር ሌንስ ላይ አውሉት። እንጀራችሁ ቪዲዮ ከሆነ ፎር ያዋጣል፤ ግን ኮምፒውተራችሁ ፋይሉን መሸከም ካልቻለ ካሜራው ብቻውን ብዙም አያራምዳችሁም።

ዋጋው

ስሪ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ሲወጣ ቦዲው ብቻ (ያለ ሌንስ) 2,000 ዶላር ነበር። ፎር በ2021 መጨረሻ አካባቢ በ2,500 ዶላር መጣ። በመውጫ ዋጋቸው ልዩነቱ 500 ዶላር ነው። አሁን ግን ስሪን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ስለሚገዛ ልዩነቱ ከዚያም ይሰፋል። አገር ቤት ላለን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ 500 ዶላር 28,500 ብር ነው። ዛሬ ያው 500 ዶላር ከእጥፍ በላይ ብር ይጠይቃል። ደንበኛው ግን አሁንም "በስንት ትጨርሱልናላችሁ?" ነው የሚለው።

ፎር እንደሚሻል ማንም አይከራከርም። የሚያከራክረው የተሻለበት ነገር እናንተ የምትሠሩት ሥራ ላይ መኖር አለመኖሩ ነው። በዚያው 500 ዶላር ገደማ የሶኒ 85 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ (1.8 የሌንሱ መክፈቻ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል) ዋጋ አብዛኛው ይሸፈናል፣ ወይም የታምሮን 28-75 ሚሊሜትር 2.8 ዋጋ ከግማሽ በላይ ይሄዳል። ይህን እያሰባችሁ ቀጥሉ።

ፎቶ ላይ

ስሪ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ፎር 33። ሲሰማ ትልቅ ይመስላል። ወደ ህትመት እንመልሰው። የስሪ ፎቶ በረጅሙ ጎን 6,000 ፒክስል አለው፣ የፎር 7,008። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ቢታተሙ አንዱ ወደ 50 ሴንቲሜትር፣ ሌላው ወደ 59 ሴንቲሜትር ይወጣል። አልበም የሚያገላብጥ ሰው ይህን አይለየውም። ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ፍሬም ደግሞ ከሶፋ ሆኖ ነው የሚታየው። ጥቅሙ የሚገኘው ፎቶውን ስትቆርጡ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጠጋት ሳይፈቀድ ከሩቅ ያነሳችሁትን፣ ወይም ጥምቀት ላይ ከሕዝቡ ኋላ ሆናችሁ የያዛችሁትን ታቦት አጅቦ የሚሄድ ካህን ለማቅረብ ስትፈልጉ ፎር ትርፍ ይሰጣችኋል። ዘወትር እንዲህ የምትሠሩ ከሆነ ግን ከካሜራው በፊት ረጅም ሌንስ ያስፈልጋችኋል።

የእኛን ሰርግ ከባድ የሚያደርገው ነጩ ነው። ሐበሻ ቀሚስ በቀትር ፀሐይ ያበራል፣ የለባሿ ፊት ደግሞ ጠይም ሆኖ ጃንጥላ ሥር ነው። ፊቷን ለማብራት ብላችሁ ብርሃኑን ከጨመራችሁ የቀሚሱ ሽመና ይጠፋና ባዶ ነጭ ይሆናል። የጠፋ ነጭ በኤዲት አይመለስም። ስለዚህ ብርሃኑን ለቀሚሱ ለክታችሁ፣ በሮው (ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንስታችሁ፣ ፊቱን በኋላ ማንሳት ነው። ይህን ሁለቱም ካሜራዎች በጣም ጥሩ አድርገው ይችሉታል። ጨለማውን ክፍል ስታነሱት አንዱ ከሌላው ይሄን ያህል የሚበልጥበት ነገር የለም። በደብዛዛ አዳራሽ በአይኤስኦ 6,400 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ከፍ ተደርጎ) የተነሱ ሁለት ፎቶዎችንም በእኩል መጠን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ትቸገራላችሁ። አዲስ ካሜራ ጨለማን ያሸንፍልኛል ብሎ ፎርን የሚገዛ ሰው ቅር ይለዋል። እዚያ ላይ የሚረዳው 1.8 ሌንስና አንድ ደህና ፍላሽ ነው።

ፍጥነታቸውም እኩል ነው፣ በሰከንድ 10 ፎቶ። እንዲያውም ፎር 10 የሚደርሰው በተጨመቀው ሮው ሲያነሳ ነው፤ ባልተጨመቀው ወደ 6 አካባቢ ይወርዳል።

ፎከስ ላይ ግን ፎር በግልጽ ይቀድማል። ስሪ እ.ኤ.አ. በ2019 በመጣው ፈርምዌር 3.0 (የካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) ዓይን ተከትሎ መያዝን በደንብ ተምሯል። ያገለገለ ስትገዙ ይህ ማሻሻያ መጫኑን እዩ፤ ካልተጫነ በነፃ ይጫናል። ለቁም ፎቶና ለሽማግሌዎች ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። የሚቸገረው ግርግር ውስጥ ነው። ሙሽሪት እየጨፈረች ከፊቷ ሚዜው ሲያልፍ፣ ከበሮ የያዘችው ስትዞር፣ ስሪ አንዳንዴ ያለፈውን ሰው ይዞ ይቀራል። ፎር ላይ ስክሪኑን ነካ አድርጋችሁ "እሷን" ካላችሁት አይለቃትም፤ ዓይኗ ቢሰወር ጭንቅላቷን፣ ጭንቅላቷ ቢሰወር አካሏን ይከተላል።

ቪዲዮ ላይ

እዚህ ነው ነገሩ የሚለየው።

ስሪ ቪዲዮ ሲቀርጽ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሱን ያቆማል። ለማስታወቂያ፣ ለአጭር ክሊፕ ማንም ትዝ አይለውም። ሰርግ ላይ ግን ስብከት አለ፣ ምርቃት አለ፣ የቤተሰብ ንግግር አለ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁማችሁ ሌላ ካሜራ በጊምባል (እንዳይንቀጠቀጥ በሚይዘው እጀታ) ይዛችሁ ስትዞሩ፣ አባት ምርቃቱን መሃል ሲያደርሱ ትራይፖዱ ላይ ያለው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ልምድ ያላቸው ልጆች በየመሃሉ ጸጥ ሲል አቁመው እንደገና ያስጀምሩታል፣ ይቻላል፣ ግን አንድ ሰው ለዚያ ብቻ ልቡን እዚያ ማድረግ አለበት። ፎር ይህ ገደብ የለበትም። ካርድና ባትሪ እስካለ ይቀርጻል።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ስሪ የሚቀርጸው በ8 ቢት ነው፣ ፎር በ10 ቢት። 8 ቢት ማለት ለአንድ ቀለም ከጨለማ እስከ ብርሃን 256 ደረጃ ነው፤ 10 ቢት 1,024። ኤስ-ሎግ (በኋላ ከለሩ እንዲሠራ ደብዘዝ አድርጎ የሚቀርጸውን ምርጫ) ሳትጠቀሙ፣ ከለሩን ብዙም ሳትነኩ የምታስረክቡ ከሆነ ልዩነቱን አታዩትም። ከለር የምትጎትቱ ከሆነ ግን ታዩታላችሁ። አዳራሾቻችን ሐምራዊና ሰማያዊ መብራት ይወዳሉ። የሙሽራው ፊት ሐምራዊ ሆኖ ይመጣና ወደ ሰው መልክ ልመልሰው ስትሉ የስሪ ቪዲዮ ጉንጩ ላይ እንደ ካርታ መስመር ይሠራል። ፎር ብዙ ርቀት ይሄድላችኋል። በዚያ ላይ ኤስ-ሲኔቶን የሚባል የቀለም ምርጫ አለው፣ የቆዳ ቀለሙ ለስላሳ ነው፣ ከለር ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው እሱን ብቻ ተጠቅሞ ሊያስረክብ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ስሪ ዓይን የሚይዘው ለፎቶ ብቻ ነው። ቪዲዮ ላይ ፊት ይለያል እንጂ ዓይን አይከተልም። ፎር በቪዲዮም ይከተላል። በ1.8 ክፍት ሌንስ ወደ እናንተ የምትራመድ ሙሽሪትን ስትቀርጹ ይህ አንድ ነገር ብቻውን ብዙ ሥራ ያድናል።

አሁን ደግሞ ፎር የሚጋነንበትን ልናገር። "4ኬ በ60" (4ኬ ጥራት በሰከንድ 60 ፍሬም) ይባላል፣ እውነት ነው፣ ስሪ ላይ 4ኬ 30 ላይ ያቆማል። ግን የፎር 4ኬ 60 ምስሉን በ1.5 እጥፍ ይቆርጠዋል። 28-75 የነበረው ሌንሳችሁ 42-112 ሆነ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ምንም አይደል። ሙሽሪት ቤት ውስጥ፣ ሚዜዎቹ፣ አክስቶቹ፣ የሜካፕ ባለሙያዋ ሁሉ አንዲት መኝታ ክፍል ታጭቀው፣ ጀርባችሁ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተጣብቆ ሳለ ግን የቆረጠው ቦታ ከየት ይመጣል? ሰፊ ሌንስ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው። እስክስታን በዝግታ ለማሳየት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ስሪም በሙሉ ኤችዲ በሰከንድ 120 ፍሬም ይቀርጻል፣ ለቲክቶክና ለቴሌግራም የሚሄድ ክሊፕ ላይ ማንም አይጠይቃችሁም። ካሜራውን በፍጥነት ስታዞሩ ቀጥ ያለ ምሰሶ የሚጋደምበት ችግርም ፎር ላይ አልተፈታም፤ በዚህ ከስሪ ይሻላል ብላችሁ እንዳትገዙት።

ካሜራው ላይ የማይጻፈው ወጪ

ሻጭ የማይነግራችሁ ይሄ ነው። የስሪ 4ኬ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው፣ አንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ገደማ። ፎር በ10 ቢት 4ኬ 30 ወደ 140 ሜጋቢት ይሄዳል፣ ሰዓቱ 63 ጊጋባይት ሆነ። በ60 ፍሬም 200 ሜጋቢት ሲሆን ደግሞ 90። ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል እያላችሁ ስታባዙት ሃርድ ዲስክ በየወሩ የሚገዛ ነገር ይሆናል።

ከዲስኩ የሚብሰው ኮምፒውተሩ ነው። የፎር 10 ቢት 4:2:2 (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ) ፋይል ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ይንቀረፈፋል፤ አጫውት ስትሉት አንድ ፍሬም፣ ቆም፣ አንድ ፍሬም። ከኤም1 ጀምሮ ያሉት ማኮች ያለ ጭንቅ ይከፍቱታል። ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉ ብዙ ፕሮሰሰሮች በኤች.265 (ቪዲዮ መጭመቂያ ስልት) የተቀረጸውን ያግዛሉ። ያንን የሌላችሁ ፕሮክሲ (ለኤዲት ብቻ የሚሆን ቀላል ቅጂ) እየሠራችሁ መኖር ትችላላችሁ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ ግን ሌሊቱን ኮምፒውተሩ ሲፈጭ ማደር አለበት፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና። ስለዚህ ላፕቶፑ የቆየ የሆነ ሰው የፎርን ዋጋ ሲያሰላ የላፕቶፕም ዋጋ ይደምርበት። ያኔ 500 ዶላር የሚባለው ልዩነት ቀልድ ይሆናል።

በየቀኑ የምትነኳቸው ነገሮች

ኤችዲኤምአይ። ስሪ ላይ ትንሿ ማይክሮ ናት፣ ገመዱ ትንሽ ከተጎተተ ትላላለች። ፎር ሙሉ መጠን አለው። አዳራሹ ውስጥ ባለው ትልቅ ስክሪን ቀጥታ የምታሳዩ ከሆነ፣ ዛሬ ደግሞ ሁሉም ይህን ይፈልጋል፣ ይሄ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። ውጭ ላሉ ዘመዶች በኢንተርኔት ለማስተላለፍም ፎር በዩኤስቢ ገመድ ብቻ እንደ ዌብካም ይገባል።

ስክሪኑ። የስሪ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይታጠፋል፤ የፎር ወጥቶ ይዞራል፣ ራሱን ለሚቀርጽ ሰው ይመቻል። እኔ ግን ዝቅ ብዬ ፎቶ ሳነሳ የስሪ ይሻለኛል፣ ከሌንሱ ጋር ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። የጣዕም ጉዳይ ነው።

አቧራ። ፎር ሲጠፋ ሻተሩን (ከሴንሰሩ ፊት ያለውን መጋረጃ) ዘግቶ ሴንሰሩን እንዲሸፍን ማድረግ ይቻላል። በበጋ ሜዳ ላይ ሌንስ ለሚቀያይር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ሲዘጋ ጣት እንዳታስነኩት ብቻ፣ ሻተሩ ስስ ነው።

ካርድ። ስሪ ሁለት ማስገቢያ ቢኖረውም ፈጣኑ አንዱ ብቻ ነው፣ ፎር ሁለቱም ፈጣን ናቸው። ባትሪያቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ኤንፒ-ኤፍዜድ100፣ ስለዚህ ያላችሁ ባትሪና ሌንስ ሁሉ ይሻገራል። በቆይታ ስሪ ይሻላል፦ በሶኒ መለኪያ 710 ፎቶ በአንድ ቻርጅ፣ ፎር 580።

ሦስተኛ ምርጫም አለ። በ2025 መጨረሻ ኤ7 ፋይቭ ወጥቷል፣ 2,900 ዶላር ገደማ፤ ያ የ4ኬ 60 መቆረጥ እሱ ላይ ቀርቷል። ለብዙዎቻችን ትርጉሙ ያገለገለ ፎር ገበያው ላይ መብዛቱ ነው። የማትቸኩሉ ከሆነ ትንሽ ጠብቁ።

ያገለገለ ስትገዙ

የስሪ ሻተር ለ200,000 ፎቶ ነው የተሠራው። ሰርግ ላይ የዋለ ካሜራ ይህን በጥቂት ዓመት ሊጠጋው ይችላል። ሻጩ "ብዙ አልተነሳበትም" ቢላችሁ አንድ ፎቶ አንሱበትና ፋይሉን ወስዳችሁ የሻተር ቁጥሩን በኢንተርኔት አስቆጥሩ፣ ደቂቃ አይፈጅም። ለቪዲዮ ብቻ የዋለ ካሜራ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሰውነቱ ግን የደከመ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ብቻ አትመኑ።

ሁለተኛው ሴንሰሩ ነው። ኮንሰርትና የምሽት ፕሮግራም ላይ የዋለ ካሜራ በሌዘር መብራት ሴንሰሩ ሊቃጠል ይችላል፣ ምስሉ ላይ ቀጭን መስመር ወይም የማይጠፋ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ሌንሱን በኤፍ 16 አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ፣ ቀጥሎ ክዳኑን ዘግታችሁ ጨለማ አንሱ። ሁለቱንም በስልክ ሳይሆን በላፕቶፕ አስፍታችሁ እዩ። አቧራ ይጠረጋል። መስመር ካያችሁ ግን ዋጋ አትከራከሩ፣ ካሜራውን መልሱለት።

ዕቃው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ የሚያመጣላችሁ ዘመድ እዚያው ከመክፈሉ በፊት እንዲያደርገው ንገሩት፣ ሁለቱን ፎቶዎች በፋይልነታቸው በቴሌግራም ይላክላችሁ፤ እንደ ፎቶ ከላከው ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ የሻተር ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል።