ፍላይ ወይስ ባች? ለጀማሪ የቤት ቢራ ጠማቂ የሚበጀው የስፓርጅ ዘዴ

በአሜሪካ በየቤታቸው ከብቅል ተነሥተው ቢራ መጥመቅ የጀመሩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ የመጀመሪያው ጭማቂ ከተቀዳ በኋላ በድፍድፉ ውስጥ የቀረውን ስኳር በሙቅ ውሃ አጥቦ ለማውጣት፣ ማለትም ለስፓርጅ፣ የትኛውን ዕቃ ቢገዙ እንደሚሻላቸው ነው። ጀማሪ በባች ስፓርጅ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ምክንያቴም በዋናነት ገንዘብ ነው።

በባች ስፓርጅ ለ19 ሊትር ቢራ 5 ኪሎ ብቅል በ18 ሊትር ውሃ ቢደፈደፍ፣ ብቅሉ በኪሎ አንድ ሊትር ገደማ ይዞ ስለሚቀር 13 ሊትር ይወርዳል። ከዚያም ሌላ 13 ሊትር ሙቅ ውሃ በአንድ ጊዜ ተጨምሮ ይማሰላል፤ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ እስኪጠራ ድረስ ከላይ ተመልሶ ይፈስሳል፤ ቀሪውም ቧንቧው ተከፍቶ ይቀዳል። ሥራው በ20 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። የሚያስፈልገውም ባለ ቧንቧ የበረዶ ሳጥንና በውስጡ ለማጥለያ የሚሆን የብረት ሽቦ ሽሩባ ብቻ ነው።

በፍላይ ስፓርጅ ውሃው ከላይ በዝግታ እየፈሰሰ ጭማቂው በዚያው መጠን ከታች ስለሚወርድ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የውሃ ማሞቂያ ተጨማሪ ዕቃ፣ ማርከፍከፊያና ባለ ቀዳዳ ወለል ይጠይቃል፤ ፓምፕ ከታከለበት ወጪው በቀላሉ ከ200 ዶላር ያልፋል። በምላሹ የሚገኘው ምንድን ነው? በባች 72 ከመቶ የሚሆነውን ስኳር የሚያወጣ ሰው በፍላይ 80 ከመቶ ቢያወጣ፣ ልዩነቱን ለመሙላት በባች የሚጨምረው ግማሽ ኪሎ ብቅል ነው፤ ዋጋውም ከሁለት እስከ ሦስት ዶላር ቢሆን ነው። ያ ዕቃ ወጪውን እስኪመልስ ድረስ ስንት ጊዜ መጥመቅ እንደሚያስፈልግ ገዢው ራሱ ያስላው። በዚያ ላይ ውሃው በድፍድፉ መካከል መንገድ ካበጀ ሌላው ብቅል ሳይታጠብ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ የጭማቂውን ስኳር የሚያመለክተው እፍጋት (የንጹሕ ውሃ 1.000 ሲሆን) ከ1.010 በታች ወርዶ ማጠቡ ከቀጠለ ደግሞ ከገለባው ታኒን ስለሚወጣ ቢራው እንደ ቅራሪ ከመቅጠኑም በላይ ምላስ ያደርቃል። በሁለቱም ዘዴዎች የድፍድፉ ሙቀት ከ76 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያሻል።

ገንዘብ የሚባክነው በርካሽ ቅጂዎች ነው። አንድ ወዳጄ በቅናሽ የገዛው ባለ ቀዳዳ ወለል ብረቱ ስስ በመሆኑ ድፍድፉ ሲማሰል ጠርዙ ተነሣ፤ ብቅሉም ከሥሩ ገብቶ ቧንቧውን ስለደፈነው የጋለውን ድፍድፍ በማንቆርቆሪያ እየቀዳ ማውጣት ግድ ሆነበት። ሽሩባውን ከቧንቧ ዕቃ መደብር ከሚሸጠው የውሃ መስመር ቱቦ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ሁለቱ ጫፎች ተቆርጠው የውስጡ ላስቲክ ይመዘዛል። ሆኖም በብረት ቀለም የተሠራ የፕላስቲክ ሽሩባ በሙቀት ተጨፍልቆ ስለሚዘጋ፣ ከመግዛት በፊት ማሸጊያው ላይ የማይዝግ ብረት መባሉን ማንበብ፣ ከገዙም በኋላ አንዱን ክር በክብሪት መፈተን ይገባል። ሳጥኑ በቧንቧው ዙሪያ የሚያፈስስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጎማ ማኅተሙ ነው፤ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን መተካቱ ጥቂት ዶላር ብቻ ያስወጣል።

ብቅሉን በጨርቅ ከረጢት አድርጎ በአንድ ድስት የሚጠምቀው ዘዴ ከሁሉም ይረክሳል፤ ነገር ግን 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ ድስትና ውሃ የጠጣ 10 ኪሎ ትኩስ ብቅል የሚያነሣ ክንድ ይፈልጋል። በአፓርታማ ምድጃ ላይ ያን ያህል ውሃ ማፍላትም ያስቸግራል። ግማሹን መጠን፣ 10 ሊትር ያህል፣ ለሚጠምቅ ሰው ግን ከባችም አስቀድሜ የምመክረው እርሱን ነው፤ ስፌቱ ድርብ የሆነ ከረጢት ይምረጥ፣ እሳቱ በሚነድበት ጊዜም ጨርቁ የድስቱን ወለል እንዳይነካ ከሥሩ የብረት ወንፊት ያድርግለት።