በሩሲያ ተወልደው በአውስትራሊያ ጦር የዘመቱ ወታደሮችን ለመፈለግ፦ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የድረ ገጽ አገልግሎት

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአውስትራሊያ ጦር ውስጥ ከዘመቱት መካከል አንድ ሺህ ያህሉ በሩሲያ ግዛት የተወለዱ ስደተኞች ነበሩ። ስለ እነርሱ ማወቅ ለሚሻ ሁሉ፣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ሪከርድሰርች» የተባለውን የፍለጋ አገልግሎት ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ቢ2455 (B2455) በተሰኘው የሰነዶች መደብ ከ370,000 የሚበልጡ የወታደሮች ማኅደሮች ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው ያለ ክፍያ ቀርበዋል። የዚያ ዘመን የብሪታንያ ወታደሮች ማኅደር አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ መቃጠሉን ለሚያውቅ፣ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

አገልግሎቱን ለዚህ ጉዳይ እጅግ ጠቃሚ የሚያደርገው የማኅደሮቹ ርዕስ ከስምና ከመለያ ቁጥር ሌላ የትውልድ ቦታን፣ የተቀጠሩበትን ከተማና የቅርብ ዘመድን ስም መያዙ ነው። መልማዮቹ የባዕድ ስም የጻፉት ጆሯቸው እንደ ሰማው በመሆኑ፣ በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙዎቹን ያጣቸዋል፤ «ሩሲያ» ብሎ ወይም እንደ ሪጋና ኦዴሳ ያለ የከተማ ስም አስገብቶ የሚፈልግ ግን ያገኛቸዋል። በዚያን ጊዜ «ሩሲያ» ማለት የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት (ዛር) መላ ግዛት ስለነበረ፣ ከሩሲያውያን ጋር ፊንላንዳውያን፣ ላትቪያውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ዩክሬናውያንና አይሁዶችም አብረው ይወጣሉ።

ማኅደሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የቅጥር ቅጹ ነው፦ ሙያ፣ የብሪታንያ ዜግነት መኖር አለመኖሩ፣ ቁመት፣ የዓይንና የፀጉር ቀለም፣ ሃይማኖት፣ በመጨረሻም የሰውየው የራሱ ፊርማ። ቀጥሎ ያለው የዘመቻ ቅጽ የቆሰለበትን፣ ሆስፒታል የገባበትንና ወደ ክፍሉ የተመለሰበትን ቀን በአጭር በአጭሩ ይዘረዝራል። በምሕጻረ ቃል የታጨቀ በመሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሆኖም የአንድ ተራ ወታደር ሕይወት እንዲህ በቅርብ የሚታይበት ሌላ ሰነድ አላውቅም።

እንደ ኤሊያዛር ማርጎሊን ያሉት መኮንኖች ታሪካቸው ቀድሞም የታወቀ ነው። ቤልጎሮድ ተወልዶ በፍልስጤም በኩል እ.ኤ.አ. በ1902 ምዕራብ አውስትራሊያ የገባው ማርጎሊን፣ በአውስትራሊያ 16ኛው ሻለቃ ውስጥ ሆኖ ቱርክ ውስጥ በምትገኘው ጋሊፖሊ ላይ ተዋግቶ ለጀግንነቱ ተሸልሟል፤ ኋላም በብሪታንያ ጦር ውስጥ የአይሁድ ሻለቃ አዛዥ ሆኗል። የመርከበኛውና የቀን ሠራተኛው ታሪክ ግን ከእነዚህ ገጾች ውጭ እምብዛም አይገኝም። ከጦርነቱ በኋላ ሰውየው የት እንደ ደረሰ ለማወቅ የሚፈልግ ደግሞ በዚያው አገልግሎት ኤ1 በተባለው መደብ ያሉትን የዜግነት ማመልከቻዎች አብሮ ቢመለከት ይጠቀማል።