የምንትዋብን ፍቅር ማን ይተርከው?

ጎንደር፣ ቁስቋም ወጥቼ የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሳይ፣ ልቦለድ ጻፍ ጻፍ ይለኛል። ባላቸው አጼ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. አረፉ። እቴጌይቱ በሕፃኑ ልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ስም አገር ሲገዙ የባላቸውን ዘመድ ወደዱ። ይህ ዘመድ በዕድሜ ያንሳቸዋል፤ እንደ ንጉሡ ኢያሱ ይባላል። ሰውም «ምልምል ኢያሱ»፣ የተመለመለው ውሽማ እንደ ማለት፣ አለው። ስሙ ራሱ ሐሜት ነው!

ታዲያ ማን ይተርከው? እሱ ራሱ ወይስ አንዲት ደንገጡር?

እሱ ከተረከ ፍቅሩን ከነትኩሳቱ እናገኛለን። የንግሥት ውሽማ መሆን ምን ይመስላል? ቀን ደጅ ጠኚ፣ ማታ የቤት ጌታ። ያጓጓል። ግን እቴጌይቱ ከሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል። መጨረሻውን ሊነግረን አይችልም።

ደንገጡሯ ግን ትችላለች። ውኃ ታሞቃለች፣ መጋረጃ ትዘጋለች፣ ሁሉን ትሰማለች። ደግሞ እውነት እንነጋገር፣ ነገሩ ብዙም ምስጢር አልነበረም። ሴቶች ልጆች ወልደዋል፤ አንዷ ወይዘሮ አስቴር የትግራዩ ገዥ የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት ሆናለች። አልጋ ወራሹ ያልሆነ ሕፃን ጓዳ ውስጥ ሲያለቅስ ማን ያባብላል? እሷ ናት። ንጉሡ አድጎ የእናቱን ወዳጅ በክፉ ዓይን ማየት ሲጀምርም መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት።

እኔ ለደንገጡሯ አደላለሁ። ስሟን ገና አላወጣሁላትም።